ሆድ ውሃ ሲቋጥር

የሰው ሆድ በውሃ ሲነፋ «ጠጪ ነበር» ማለት ተለምዷል። ይህን ሐሜት ፈርተው፣ መጠጥ ነክተው የማያውቁ ወንድምና እህቶቻችን ሕመማቸውን ይደብቃሉ።

እውነቱ ምንድን ነው? በአገራችን ጉበትን ከሚጎዱት ዋነኞቹ የሄፓታይተስ ቢ እና ሲ ቫይረሶች ናቸው። እዚህ ሴቻና በአርባ ምንጭ ዙሪያ ደግሞ የአንጀት ቢልሃርዝያ አለ፤ ትሉ ከወንዝና ከሐይቅ ውሃ በቆዳ በኩል ይገባል፤ እንቁላሉም የጉበትን የደም መተላለፊያ ይደፍናል። ጉበት ሲጠጥር ደም እንደ ልብ አያልፍም፤ ግፊቱ ይጨምራል፤ ኩላሊት ጨውና ውሃ ይይዛል፤ ትርፉ ሆድ ውስጥ ይጠራቀማል። የሆድ ቲቢ፣ የልብ ድካምና ካንሰርም ይህንኑ ስለሚያመጡ ሐኪሙ ውሃውን በመርፌ ቀድቶ ያስመረምራል።

ሕክምናው ጨው ከመቀነስ ይጀምራል፤ ከዚያም እንደ ስፓይሮኖላክቶንና ፍሮሴማይድ ያሉ የሚያሸኑ መድኃኒቶች ይታዘዛሉ። ሆዱ ከተወጠረ ውሃው ይቀዳል፤ ነገር ግን መንስኤው ካልታከመ ተመልሶ ይሞላል። ለሄፓታይተስ ቢ ቴኖፎቪር፣ ለቢልሃርዝያ ፕራዚኳንቴል አለ። ዳይክሎፌናክና አይቡፕሮፌን ኩላሊትን ስለሚጎዱ ሕመምተኛው ይራቃቸው። ትኩሳት፣ የሆድ ቁርጠት፣ ደም ማስመለስ ወይም መቃዠት ከታየ ሳይውል ሳያድር ሆስፒታል ይወሰድ።

በረመዳን ለመጾም ሐኪሙን ያማክር፤ አላህ ለበሽተኛ ፈቅዷልና ራሱን አይጉዳ። የሄፓታይተስ ቢ ክትባት ከ1999 ዓ.ም. ጀምሮ ለሕፃናት ይሰጣል፤ ልጆቻችንን እናስከትብ። የታመመውንም በሐሜት ሳይሆን በዚያራ እንድረስለት። አላህ ሺፋውን ያውርድላቸው፤ ኣሚን።