ምላስ ሲታሰር ትዳርስ?

ግራና ላይ አባወራ ስትሮክ ሲመታው አልጋው ሳሎን ይዘረጋል፤ ጠያቂ አይጠፋም። ባልና ሚስት ብቻቸውን የሚሆኑበት ሰዓት የለም፤ እሷም አስታማሚ ብቻ ሆና ትቀራለች። ይህን ስንጽፍ እንኳ ሐያእ ይዞን ነበር።

ስትሮክ ብዙ ጊዜ የግራውን የአንጎል ክፍል ሲጎዳ የሚመጣው የንግግር ችግር አፌዥያ ይባላል። ፖል ብሮካ በ1861 እ.ኤ.አ. የመረመረው ሕመምተኛ «ታን» ከማለት በቀር እምብዛም አይናገርም፤ የሚሉትን ግን ይረዳ ነበር። ፍቅርና ፍላጎትም እንዲሁ ሳይጠፉ ሊቆዩ ይችላሉ። ሚስት ግን ዝምታውን ቁጣ ታደርገዋለች። «አዎ» ሊል ፈልጎ «አይ» የሚያመልጠውም አለ።

መድረሳ የቀራነው ፊቅህ የዲዳን ግልጽ ኢሻራ በኒካሕ ይቀበላል። መኝታ ቤትም ይሠራል፦ እጅ መጨበጥ እሺ፣ መዳፍ ማንሳት እንቢ፤ ደግሞ ጠይቆ ማረጋገጥ። እኛ ልጆች ለእረፍት ስንገባ አልጋውን ወደ መኝታ ቤት እንመልስ፤ ጠያቂውን በጊዜ ሸኝተን በሩን ዘግተንላቸው እንውጣ።