ኳድ አስፋልት ላይ ሲወጣ

የዳካር ራሊን በቴሌቪዥን የሚከታተል ሰው ውድድሩ አሸዋ ላይ ብቻ ያለ ሊመስለው ይችላል። አርጀንቲናውያኑ ወንድማማቾች ማርኮስና አሌሃንድሮ ፓትሮኔሊ ከ2010 እስከ 2013 እ.ኤ.አ. በባለአራት ጎማው ሞተር፣ በኳድ፣ አራቱንም ዋንጫ ቤታቸው ሲያስገቡ ግን ከአንዱ በረሃ ወደ ሌላው የተሻገሩት ከመኪናው ጋር ተሰልፈው በሕዝብ መንገድ ነው።

እዚያ መቅደም አያሸልምም። ታርጋ፣ መብራትና ኢንሹራንስ ግን ግድ ነው። ከተፈቀደው ፍጥነት ያለፈ ይቀጣል፤ አሸዋ ላይ በስንት መከራ ያተረፋትን ደቂቃ አስፋልት ላይ ይከስራታል። ዳኛስ ኳስ ከቆመ በኋላ ካርድ ይመዝ የለ!

ከሕጉ የሚብሰው ማሽኑ ነው። የያማሃ ራፕተር 700 ሁለቱ የኋላ ጎማዎች በአንድ ብረት ተያይዘው እኩል ይሽከረከራሉ። አሸዋ ላይ ጎማው ስለሚንሸራተት ችግር የለም፤ አስፋልት ግን ጨምድዶ ይይዘዋል። ነጂው ሲጠመዝዝ ኳዱ ቀጥ ብሎ መሄድ ያምረዋል፣ ፍጥነት ካለው ደግሞ ሊገለበጥ ይችላል።

በብሪታንያ ኳድ መንገድ ላይ የሚወጣው ብቁነቱ ተረጋግጦ፣ ተመዝግቦ፣ ታርጋና ኢንሹራንስ ሲኖረው ነው። የሚገርመው ሄልሜት በሕግ አይገደድም፤ ይመከራል እንጂ። በዳካር ግን የኳድ ምድብ ለመጨረሻ ጊዜ እስከተካሄደበት እስከ 2024 ድረስ ያለ ሄልሜት መነሳት የማይታሰብ ነበር።