«ዓመት ሳይሞላህ ሌላኛውን ዳሌ እንዳታስነካ» ያለው ማነው?

ተናድጄ ነው የምጽፈው፤ ፊደል ብገድፍ እለፉኝ።

ዛሬ ፊዚዮ ክፍል የመጣው ሰው የሲኖትራክ ሹፌር ነው፤ አርባ እንኳን አልሞላውም። በሁለቱም ዳሌው ያለው የጭን አጥንት ራስ ደም አጥቶ ሞቷል፤ እኛ ኤቪኤን የምንለው ነው። ግራው ከተቀየረለት ሁለት ዓመት ሊሆነው ነው። ቀኙን እስካሁን ለምን አላሠራኸውም ስለው፣ «ዶክተር፣ ዓመት ካልሞላው የመጀመሪያው ብረት ይነቃነቃል አሉኝ። ዓመቱ ሲሞላ ደግሞ ገንዘቡ አለቀ» አለኝ። (ዶክተር አይደለሁም፣ ፊዚዮቴራፒስት ነኝ።)

በጀርባው ሳስተኛው የቀኝ ጭኑ ፍራሹን አልነካ አለ። ጭኑን ይዤ ዝቅ ላድርገው ስል ወገቡ ተነስቶ ቅስት ሠራ። የቀኝ ጫማውን ሶል ደግሞ ሰፈር ያለ ጫማ ሰሪ ጋ ወስዶ ሦስት ጣት ያህል አስደርቦታል፤ የተቀየረው እግር ረዘመብኝ ብሎ። አሁን የሚያመው ዳሌው ብቻ አይደለም፣ ወገቡም ጉልበቱም ተጨምሯል። ማን ጠብቅ እንዳለው ስጠይቀው ግማሹን ከቲክቶክ፣ ግማሹን አብሮት ተኝቶ ከነበረ ታካሚ ነው የሰማው።

እሺ፣ በቁጥር እንሂድ።

1ኛ. ብረቱ «እስኪለምድ» ዓመት አይፈጅም። በሲሚንቶ የገባ ከሆነ ሲሚንቶው የሚደርቀው ታካሚው ገና ኦፕራሲዮን ጠረጴዛ ላይ እያለ፣ በሩብ ሰዓት ገደማ ነው። ያለ ሲሚንቶ የገባ ከሆነ አጥንቱ ብረቱ ላይ እያደገ የሚይዘው በሳምንታት ውስጥ ነው፤ ዋናው ሥራ ከ6 እስከ 12 ሳምንት ባለው ጊዜ ይሠራል። ከዚያ በኋላም መጠናከሩን ይቀጥላል፣ ሌላኛውን ለማሠራት ግን ያንን መጠበቅ አያስፈልግም።

2ኛ. ሁለቱንም በአንድ ማደንዘዣ መቀየር ይቻላል፤ ለሁሉም ሰው ግን አይሆንም። ልቡና ሳንባው ጤነኛ ለሆነ፣ ደሙ ላልወረደ ሰው ይታሰባል። ሁለቱም ዳሌው እንደ እንጨት ለደረቀ ሰው ደግሞ እንዲያውም የሚመረጥበት ጊዜ አለ፤ አንዱ ተቀይሮ ሌላው ከደረቀ ቀጥ ብሎ መቆም አይችልማ። ዋጋው የሚፈሰው ደም መብዛቱ ነው፣ ልብና ሳንባ ላይ የሚመጣው ጫናም ይጨምራል። ደላላ «ውጭ ሄደህ ሁለቱንም ባንዴ፣ በሳምንቱ ቤትህ» ሲላችሁ የሚያሰላው የትኬት ሂሳብ ነው። ከዳሌ ቅየራ በኋላ የደም ማቅጠኛ መድኃኒት እስከ 35 ቀን ድረስ የሚታዘዘው እግር ውስጥ ደም እንዳይረጋ ነው፤ በዚያው ሰሞን ለረጅም ሰዓት አውሮፕላን ላይ መቀመጥ ደግሞ ለደም መርጋት ይመቻል።

3ኛ. ለየብቻ ከሆነ ብዙ ቀዶ ሐኪሞች በመሃል የሚተዉት ጊዜ ከ6 ሳምንት እስከ 3 ወር ነው። የልብ ሕመም፣ ያልተስተካከለ ስኳር ወይም የቁስል ችግር ካለ ይረዝማል። ቁስሉ ፈሳሽ እያወጣ፣ ጥርስ መግል ይዞ፣ ሽንት እያቃጠለ ሁለተኛ ኦፕራሲዮን የለም። ደግሞ እስከዚያ ማስታገሻ ይሁነኝ ብላችሁ የሚጠብቀው ዳሌ ውስጥ ስቴሮይድ መርፌ ካስወጋችሁ፣ በኢንፌክሽን ስጋት ምክንያት ቀጠሮው 3 ወር ሊገፋባችሁ ይችላል። መርፌውን ለሐኪሙ ሳትነግሩ እንዳታልፉ።

4ኛ. ደም። ከመጀመሪያው ኦፕራሲዮን በኋላ ሄሞግሎቢን ይወርዳል፤ እስኪመለስ ሳምንታት ይፈልጋል። የታዘዘላቸውን የአይረን ኪኒን በቡና የሚውጡ ሰዎች አሉ! ቡናና ሻይ አይረኑ ወደ ሰውነት እንዳይገባ ይይዙታል፤ ቢያንስ አንድ ሁለት ሰዓት አራርቁት። በሁለቱ ኦፕራሲዮኖች መሃል ዓቢይ ጾም ከገባ ደግሞ ሥጋ የማይበላበት 55 ቀን ነው፤ ለንስሐ አባታችሁ ሁኔታውን አስረዱ፣ ለታመመ ሰው መላ አያጡም።

አሁን ወደሚያበሽቀኝ ነገር ልምጣ። ይህ «ዓመት» የሚባል ነገር ከየት መጣ? እኔ ከምሠራበት ወንበር ሳየው የመጣው ከወረፋ ነው። ታካሚው ሁለተኛውን ሊያሠራ ይመጣል። ልኩ የሆነ ኢምፕላንት ስቶር ውስጥ የለም። ጨረታው አልተጠናቀቀም፣ ምንዛሪ አልተገኘም፣ ወይም ክፍሉ በመኪና አደጋ ተሞልቷል። ይሄ ሁሉ እውነት ነው፣ ቀዶ ሐኪሞቹ ላይም አልፈርድም፤ ጭኑ የተሰበረ ልጅ ኮሪደር ላይ ተኝቶ በቀጠሮ የመጣን ዳሌ ማን ያስቀድማል? ለታካሚው የሚነገረው ግን «ሰውነትህ በደንብ ያገግም፣ ከስምንት ወር በኋላ ተመለስ» ነው።

እንግዲህ አስቡት። ሰውየው እውነት መስሎት ቤቱ ገብቶ ያገግማል። ማገገም ማለት ለእሱ መቀመጥ ነው፤ ሲቀመጥ ያልተቀየረው ዳሌ እንደታጠፈ ይደርቃል፣ የቂጥ ጡንቻው ይሟሽሻል። ሰፈር ውስጥ ሌላ ታማሚ ሲያገኝ ደግሞ «ስምንት ወር ግድ ነው» ይለዋል፣ እሱም ለሌላው «ዓመት ነው» ይለዋል፣ ከዚያ አንዱ ካሜራ ፊት ቆሞ ያወራዋል። «ወረፋ ነው፣ ዕቃ የለንም» ቢባል ኖሮ ሌላ ቦታ ይጠይቅ ነበር፣ ዘመድ ያማክር ነበር፣ ቢያንስ እየጠበቀ እግሩን ያሠራ ነበር። ይህንን አንድ ስብሰባ ላይ ባነሳ «ታካሚ ታስደነግጣለህ» ተባልኩ። የቀጠሮ ካርዱ ላይ ቀን የሚጻፍበት እንጂ ምክንያት የሚጻፍበት መስመር እንኳን የለም። ሪፖርት ላይ ስንት ዳሌ እንደተቀየረ ይጻፋል፤ ሁለተኛውን ሲጠብቅ የደረቀው በየትኛው አምድ ይገባል?

ታካሚዎቹ ከሆስፒታል ሲወጡ የሚሰጣቸው ወረቀትም ያው ነው። «ዳሌ ተቀይሯል፣ ፊዚዮ ይከታተል»፣ አለቀ። በሲሚንቶ ነው ያለ ሲሚንቶ? በፊት በኩል ተከፈተ በኋላ? ምን ያህል ክብደት ይጣልበት? በኋላ በኩል የተከፈተ ሰው ዱካ ላይ ተቀምጦ ቡና ሲያፈላ፣ ቁጢጥ ብሎ ሽንት ቤት ሲጠቀም ወይም ሲሰግድ ዳሌው ሊወልቅ ይችላል፤ በተለይ በመጀመሪያዎቹ ወራት። እኔ ይህን ከወረቀቱ ማግኘት ሲገባኝ ከጠባሳው ቦታ እገምታለሁ።

ሌላው፣ እኔ «ለሁለተኛው ደርሰሃል» የምለው መቼ ነው? ከቀን መቁጠሪያ በፊት የተቀየረውን እግር አያለሁ። ሁለተኛው በተሠራ ማግስት ደገፍ የምትሉት እሱን ነው፤ ደረጃ ስትወጡ የሚቀድመው «ጤነኛ» እግር ከዚያ በኋላ እሱ ነው። ስለዚህ ጠረጴዛ ይዛችሁ በተቀየረው እግር ብቻ ስትቆሙ ዳሌያችሁ በሌላው ወገን ወደ ታች ሳይወድቅ ትቆማላችሁ? ከወንበር ስትነሱ እጃችሁን ሳትጠቀሙ ትነሳላችሁ? ቤት ውስጥ በአንድ ከዘራ ሳታነክሱ ትሄዳላችሁ? (ያልተቀየረው እግር በሕመም ካስነከሰ አይቆጠርም።) ዳሌው የሚወድቅ ከሆነ ጡንቻው ገና ነው፤ ሳምንታት ጨምረን እንሠራለን። ሦስቱም ከተሟሉ፣ ቁስሉ ከዳነና ደሙ ከተመለሰ ግን ሂዱና ቀጠሮ ያዙ።

የእግር ርዝመትን በተመለከተ፦ አንዱ ብቻ ተቀይሮ ሳለ የተቀየረው ረዘም ማለቱ የተለመደ ነው፤ ሁለተኛው ሲሠራ ቀዶ ሐኪሙ ያስተካክለዋል። እስከዚያ የሚወጣ የሚገባ ቀጭን ሶል በልክ እንሰጣለን። ጫማ ሰሪ ጋ አትሂዱ በቃ።

ለሁለተኛው ስትሄዱ የመጀመሪያውን ኢምፕላንት ስቲከር ይዛችሁ ሂዱ፤ ከዕቃው ማሸጊያ ላይ ተልጦ ፋይል ላይ የሚለጠፍ፣ የፋብሪካውና የመጠኑ ቁጥር ያለበት ነው። ኮፒ መጠየቅ መብታችሁ ነው። ቀኑ ሩቅ ከሆነባችሁ አንድ ጥያቄ ጠይቁ፦ «ይሄ ቀን በእኔ ሕመም ምክንያት ነው ወይስ በወረፋ?» ወረፋ ከሆነ ያልተቀየረው እግር እንዳይደርቅ በዚያው ሳምንት ፊዚዮ ጀምሩ፤ ወረቀቱ ላይ ባይጻፍም ጠይቃችሁ አጽፉ።

በስልክ ፎቶ የተነሳ ራጅ ኮሜንት ላይ አትላኩልኝ፣ አላነብም።