ስለሚጥል በሽታ መድኃኒትና ስለሚያስፈልገው ጥንቃቄ

ማንኛውም መድኃኒት በልክና በጥንቃቄ ሲወሰድ ያድናል፤ ልኩና ጥንቃቄው የጐደለ እንደ ሆነ ግን ይጐዳል። ይህም እውነት የሚጥል በሽታን ለመግታት በሚታዘዙት መድኃኒቶች ላይ ይበልጥ ጐልቶ ይታያል፤ እነዚህ መድኃኒቶች ለዓመታት በየቀኑ የሚወሰዱ ናቸውና።

ይህን የምንጽፈው ከራሳችን ጥፋት ተምረን ነው። በጉናጋዶ በሥራ ላይ ሳለን አንድ አባት በዚህ በሽታ የሚሠቃይ ልጁን ይዞ ቀረበ። ፌኖባርቢታል የተባለውን መድኃኒት ሰጥተን አሰናበትነው፤ በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት እንቅልፍ እንደሚያመጣ ግን ሳንነግረው ቀረን። ልጁ በክፍል ውስጥ ማንቀላፋት ጀመረ፤ መምህሩም እንደ ስንፍና ቈጠረበት። አባትዮው «መድኃኒቱ ልጄን አደነዘዘው» ብሎ በአንድ ቀን አስቆመው። ከጥቂት ቀናት በኋላ ልጁ መንቀጥቀጡ ሳይለቀው፣ ራሱንም ሳያውቅ፣ በመኪና ተጭኖ መጣ። እግዚአብሔር ይመስገን፣ በሕይወት ተረፈ። አባቱ ያደረገው ልጁን ከመውደድ የተነሣ ነበርና ጥፋቱ ሳንነግረው የቀረነው የእኛ ነበር።

ፌኖባርቢታል በመጀመሪያ ለእንቅልፍ የሚሰጥ መድኃኒት ነበር። የሚጥል በሽታን እንደሚገታ የተገነዘበው አልፍሬድ ሃውፕትማን የተባለ ጀርመናዊ ሐኪም ሲሆን፣ ጊዜውም በአውሮፓ አቈጣጠር 1912 ዓ.ም. ነው። ዋጋው ርካሽ በመሆኑ ዛሬም በአገራችን በሰፊው ይታዘዛል። እንግዲህ እንቅልፍ ማምጣቱ አያስደንቅም፤ ብዙ ጊዜም ሰውነት ሲለምደው ይቀንሳል። በአንዳንድ ልጆች ላይ ግን ቅብጥብጥነትንና ቍጡነትን ያመጣል። እንዲህ ሲሆን ሐኪሙ መጠኑን ያስተካክላል፤ ወይም በሌላ ይለውጠዋል። በድንገት ማቋረጥ ግን ፋታ የማይሰጥ መንቀጥቀጥን ሊያስከትል፣ ሊገድልም ይችላል። ማቆም ቢያስፈልግ እንኳ መጠኑ በሐኪም ትእዛዝ በወራት ውስጥ ቀስ በቀስ ይቀነሳል።

ሌሎቹም መድኃኒቶች የየራሳቸው ጠባይ አላቸው። ፌኒቶይን ድድን ሊያሳብጥ ስለሚችል የሚወስደው ሰው ጥርሱን ጧትና ማታ በመፋቂያ ወይም በብሩሽ ያጽዳ። መጠኑ ሲበዛም አካሄድን ያንገዳግዳል። ካርባማዜፒን አንዱን ነገር ሁለት አድርጎ ሊያሳይ ይችላል። ሦስቱም የወሊድ መቈጣጠሪያ እንክብልን ኃይል ያዳክማሉ። ቫልፕሮዬትን በእርግዝና ጊዜ ከወሰዱ እናቶች ከሚወለዱት 10 ልጆች አንዱ ያህል የአካል ጉድለት ይኖረዋል፤ ከ3 እስከ 4 የሚደርሱትም በአእምሮ ዕድገታቸው ሊዘገዩ ይችላሉ። ስለዚህ ሌላ አማራጭ እስካለ ድረስ ለመውለድ ለደረሰች ሴት ሊታዘዝ አይገባም። እየወሰደች ያረገዘች ብትኖር ፈጥና ሐኪም ታማክር እንጂ በራሷ ፈቃድ አታቋርጥ።

በተለይ በመጀመሪያዎቹ ሁለት ወራት በቈዳ ላይ ሽፍታ ቢወጣ፣ አፍ ቢቈስል፣ ትኵሳት ቢነሣ፣ ዓይን ቢጫ ቢሆን ወይም ያለ ምክንያት ደም ቢፈስ፣ ሕመምተኛው በዚያው ቀን ወደ ጤና ጣቢያ ይወሰድ። የጤና ባለሙያውም መድኃኒቱ ያደረሰውን ጉዳት በቢጫው ቅጽ ሞልቶ ለኢትዮጵያ ምግብና መድኃኒት ባለሥልጣን ይላክ፤ የአንዱ ሰው ጉዳት ሲመዘገብ ለብዙዎች ጥበቃ ይሆናልና።

በአካባቢያችን ሁለት ነገሮች ልዩ አሳብ ይሻሉ። ግመሉንና ከብቱን ተከትሎ ወደ ሩቅ ግጦሽ የሚሄድ ቤተ ሰብ፣ ለሚቆይበት ጊዜ የሚበቃ መድኃኒት ሳይዝ አይነሣ። ሁለተኛው የረመዳን ጾም ነው። ፌኖባርቢታል በሰውነት ውስጥ ለቀናት ስለሚቆይ አብዛኛውን ጊዜ በቀን አንድ ጊዜ ማታ ይወሰዳል፤ ከአፍጥር በኋላ መዋጥ ይቻላል። ሌላውን መድኃኒት በቀን ሁለት ወይም ሦስት ጊዜ የሚወስድ ግን ጾሙ ከመግባቱ በፊት ሐኪሙን ይጠይቅ።

መምህራን ሆይ፣ ሐኪሙ ልጁን በወር አንድ ጊዜ ቢያየው ነው፤ እናንተ ግን በየቀኑ ታዩታላችሁ። የወደቀበትን ቀን፣ መድኃኒቱን የዘለለበትን ቀንና አዲስ የታየበትን ምልክት በደብተር ጽፋችሁ ለወላጆቹ ስጧቸው፤ እነርሱም ለሐኪሙ ያሳዩ። በክፍላችሁ የሚያንቀላፋ ልጅ ብታዩም ከመቅጣታችሁ በፊት ምን መድኃኒት እንደሚወስድ ጠይቁ። ያ መምህር ይህን ጥያቄ ጠይቆ፣ እኛም አስቀድመን ተናግረን ቢሆን ኖሮ፣ ያ ልጅ ከሞት አፋፍ ባልደረሰም ነበር።