የወሊድ አጋዥን ማን ይክፈላት? ከሚኒሶታ የሜዲኬይድ ተሞክሮ የሚገኝ ትምህርት

በአሜሪካና በአውሮፓ «ዱላ» እየተባለች የምትጠራው ሴት በእርግዝና፣ በምጥና በአራስነት ወቅት ከእናቲቱ ጎን ሳትለይ የምትደግፍ የሠለጠነች አጋዥ ናት። ቃሉ ከግሪክ የመጣ ሲሆን ፍቺውም ሴት አገልጋይ ማለት ነው። በእኛ ፊደል እንዳለ ሲጻፍ ከበትር ጋር ስለሚምታታና ምጥ ለያዛት ሴት «ዱላ መጣልሽ» ማለት የሚያጽናና ስላልሆነ፣ በዚህ ጽሑፍ «የወሊድ አጋዥ» የሚለውን ስያሜ እጠቀማለሁ። የወሊድ አጋዥ ከአዋላጅ ነርስም ሆነ በአገራችን ከምናውቃት የልምድ አዋላጅ ትለያለች፤ ሕፃን አትቀበልም፣ መድኃኒት አታዝም፣ ምርመራም አታካሂድም። ወገብ ታሻለች፣ አተነፋፈስ ታሳያለች፣ ሐኪሙ የተናገረውን በቀላል ቋንቋ ታስረዳለች፣ እናቲቱ ለመጠየቅ የፈራችውን እንድትጠይቅ ታደፋፍራለች። ሥራው ከሕክምና ይልቅ ለጉርብትና የቀረበ ስለሚመስል፣ ክፍያውን ማን ይሸፈን የሚለው ጥያቄ ለረጅም ጊዜ ሳይመለስ ቆይቷል። የዚህ ጽሑፍ መከራከሪያ ክፍያው ከሕዝብ በጀት መምጣት አለበት የሚል ብቻ አይደለም፤ በጀቱ የሚሰጥበት መንገድ አገልግሎቱ በድሃ ሰፈሮች መኖር አለመኖሩን እንደሚወስንም ያሳያል።

ማስረጃው ከጓቲማላ ይጀምራል። ማርሻል ክላውስ፣ ጆን ኬኔልና ባልደረቦቻቸው እ.ኤ.አ. በ1980 ባሳተሙት ጥናት፣ ምጥ ላይ ያሉ እናቶች ከዚያ በፊት የማያውቋት ሴት እንኳ አብራቸው ስትቆይ ምጣቸው እንደሚያጥርና የሚገጥማቸው ችግር እንደሚቀንስ አመለከቱ። እነኬኔል በ1991 ከሂዩስተን ያወጡት ሌላ ጥናት ደግሞ የበለጠ ትኩረት ይስባል። የመጀመሪያ ልጃቸውን የሚወልዱ 412 ሴቶች በዕጣ ለሁለት ተከፈሉ። ግማሾቹ ሳይቋረጥ የምትደግፋቸው ሴት ተመደበችላቸው፤ ለቀሩት በክፍሉ ተቀምጣ በዝምታ የምትመዘግብ ታዛቢ ብቻ ነበረቻቸው። ከተደገፉት 8 በመቶ፣ ታዛቢ ከነበረቻቸው 13 በመቶ፣ በተለመደው ክትትል ብቻ ከወለዱ የማነጻጸሪያ እናቶች ደግሞ 18 በመቶ የሚሆኑት በቀዶ ሕክምና ወልደዋል። ከሦስቱ አኃዞች እኔን ይበልጥ የሚያስገርመኝ መካከለኛው ነው፤ አንዲት ዝም ያለች ሴት ጥግ ላይ መቀመጧ እንኳ የሚለውጠው ነገር እንዳለ ይጠቁማልና። እ.ኤ.አ. በ2017 የታደሰው የኮክሬን የጥናቶች ግምገማ ከ15,800 በላይ ሴቶችን ያሳተፉ 26 ሙከራዎችን አሰባስቦ፣ የማያቋርጥ ድጋፍ ያገኙ እናቶች በቀዶ ሕክምና የመውለድ ዕድላቸው በአንድ አራተኛ ገደማ እንደቀነሰና ምጣቸውም በአማካይ 40 ደቂቃ ያህል እንዳጠረ ገልጿል።

ይሁን እንጂ ጉዳዩን የሚደግፍ ሰው ማስረጃውን ከልኩ በላይ መለጠጥ የለበትም። በኢሊኖይ ዝቅተኛ ገቢ ባላቸው 312 ወጣት ጥቁር አሜሪካውያን እናቶች ላይ በተካሄደ ሙከራ፣ አጋዥ የተመደበላቸው እናቶች በወሊድ ዝግጅት ትምህርት የመሳተፍ ምጣኔ ከ10 ወደ 50 በመቶ ከፍ ብሏል፤ ጡት ማጥባት የጀመሩትም 81 በመቶ ሲሆኑ በሌላው ቡድን 74 በመቶ ነበሩ። በቀዶ ሕክምና የመውለድ ምጣኔ ግን በሁለቱ ቡድኖች መካከል አልተለያየም። የእናቶች ሞትን በተመለከተም፣ ሞት ቁጥሩ ሲታይ አልፎ አልፎ የሚከሠት በመሆኑ እንዲህ ያሉ ሙከራዎች ሊለኩት አይችሉም። በአሜሪካ እ.ኤ.አ. በ2023 ከ100,000 ሕያው ልደቶች በጥቁር እናቶች ላይ የተመዘገበው ሞት 50.3፣ በነጮች ላይ 14.5 ነበር። ይህን ልዩነት የወሊድ አጋዥ ብቻዋን ትዘጋዋለች ብሎ መከራከር ነገ በጀቱ ሲገመገም ፕሮግራሙን ራሱን ለጥቃት ማጋለጥ ነው።

የሕዝብ በጀት ለምን እንዳስፈለገ ግን በቀላሉ መረዳት ይቻላል። በአሜሪካ ከ10 ልደቶች የ4ቱን ያህል ወጪ የሚሸፍነው ሜዲኬይድ የተባለው የዝቅተኛ ገቢ ዜጎች የጤና መድን ነው። አገልግሎቱ በግል ክፍያ ብቻ ሲገኝ የምታገኘው መክፈል የምትችል፣ ብዙ ጊዜም የሚያዳምጣት ሐኪም ያላት ሴት ትሆናለች። ከ1990ዎቹ አጋማሽ ጀምሮ በቺካጎ የተስፋፋው የማኅበረሰብ የወሊድ አጋዥ አሠራር የተነሣው ይህን ለመገልበጥ ነበር፤ አጋዧ ከእናቲቱ ሰፈር ትመለመላለች፣ ቋንቋዋን ትናገራለች፣ ከእርግዝና ጀምራ እስከ አራስነት ወራት ቤቷ ድረስ ትመላለሳለች።

ሚኒሶታ ይህን አገልግሎት በሜዲኬይድ ለመሸፈን ከኦሪገን ጋር ቀዳሚ ከሆኑት ግዛቶች አንዷ ናት። በሚኒያፖሊስ አጋዥ ያገኙ 1,079 የሜዲኬይድ ተጠቃሚ እናቶችን የተመለከተና በ2013 የታተመ ጥናት ከእነዚህ እናቶች 22.3 በመቶ በቀዶ ሕክምና እንደወለዱ፣ በአገር አቀፍ ደረጃ በሜዲኬይድ የወለዱት ድርሻ ግን 31.5 በመቶ እንደነበረ አሳይቷል። ንጽጽሩ በዕጣ የተደለደለ ስላልሆነ አጋዥ የመረጡት እናቶች በሌላም ነገር ሊለዩ ይችላሉ። ያም ሆኖ የግዛቲቱ ምክር ቤት በዚያው ዓመት ሕጉን አጸደቀ፤ ክፍያውም በ2014 ተጀመረ።

አጀማመሩ ግን ደካማ ነበር። ለአንድ የቤት ጉብኝት 25.71 ዶላር፣ ለምጡና ለወሊዱ በጠቅላላ 257.10 ዶላር ተተመነ። ምጡ 18 ሰዓት ቢፈጅ በሰዓት ከ15 ዶላር በታች ማለት ነው። ለሳምንታት ስልክ ይዞ መጠበቅ፣ የመንገድ ወጪ፣ በሌሊት የራስን ልጆች ለሰው አደራ መስጠት በሒሳቡ ውስጥ የሉም። አጋዧ በመንግሥት መዝገብ ለመስፈር ክፍያ ነበረባት፤ ሒሳቧንም በራሷ ስም ማቅረብ ስለማትችል በሥሩ የሚያስመዘግባትን ፈቃድ ያለው ባለሙያ መፈለግ ግድ ሆነባት። መብቱ በሕግ ከተጻፈ በኋላ ሰጪዋ ካልተገኘች ለእናቲቱ የሚጨምርላት ነገር የለም። ተመኑ በ2019 ወደ 47 እና 488 ዶላር፣ በ2024 ደግሞ ወደ 100 እና 1,400 ዶላር ከፍ ማለቱ ስሕተቱ መታወቁን ያሳያል።

የተመኑ መሻሻል አንድ ነገር ነው፤ የአከፋፈሉ ዓይነት ግን ገና አልተነካም። ክፍያው በተፈጸመ ወሊድና በተመዘገበ ጉብኝት ልክ የሚሰላ ነው። እንዲህ ያለው አሠራር አስቀድሞ ደንበኛና ትንሽ ጥሪት ላላት አጋዥ ይመቻል። ሚኒሶታ የሶማሌ፣ የኦሮሞና የአማራ ተወላጆችን ጨምሮ ብዙ የምሥራቅ አፍሪካ ስደተኞች የሚኖሩባት ግዛት ናት። በአገሯ ብትሆን እናቷ፣ እኅቷና ጎረቤቶቿ «ማርያም ማርያም» እያሉ የሚከቧት ሴት በዚያ ብዙ ጊዜ ከባሏ ጋር ብቻዋን ናት፤ ባልም ከሥራ ፈቃድ ላያገኝ ይችላል። በስልክ የሚቀርብ አስተርጓሚ የሐኪሙን ቃል ያስተላልፋል እንጂ እጇን አይዝም፣ ዝምታዋ ስምምነት ይሁን ፍርሃት አይለይም። ይህን የምትለይ አማርኛ ወይም ኦሮምኛ ተናጋሪ አጋዥ ልትመለመል የምትችለው ከዚያው ዝቅተኛ ገቢ ካለው ማኅበረሰብ ነው። እርሷ ደግሞ የሥልጠናውን ወጪ ከኪሷ ከፍላ፣ የሰዓት ደመወዟን ትታ፣ ሒሳቡ ተጣርቶ እስኪከፈል ለመጠበቅ አቅም የላትም።

ኢትዮጵያ በዚህ ረገድ ሁለት የተለያዩ መንገዶችን ሞክራለች። እ.ኤ.አ. በ2003 የተጀመረው የጤና ኤክስቴንሽን ፕሮግራም ከየአካባቢው የተመለመሉ ሴቶችን አንድ ዓመት አሠልጥኖ በመንግሥት ደመወዝ ቀጠረ፤ በየገጠር ቀበሌው ሁለት ሁለት ተመደቡ። በ2011 የተቋቋመው የሴቶች የልማት ቡድን ግን በነጻ አገልግሎት ላይ የቆመ ነው። የመጀመሪያዎቹ ሥራቸውን ሙያ ብለው ይዘውት ከሃያ ዓመት በላይ የዘለቀ ሥርዓት ሆነ፤ ሁለተኛዎቹ ከእርሻውና ከምድጃው ጊዜያቸውን ቀንሰው የሚያገለግሉ ናቸው። የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛ የወሊድ አጋዥ አይደለችም፤ የሥራ ጫናዋም ምጥ ላይ ላለች አንዲት ሴት ቀኑን ሙሉ እንድትቀመጥ አይፈቅድም። ያም ሆኖ መንግሥት ከማኅበረሰቡ የወጣችን ሴት በቋሚ ደመወዝ ሊቀጥር እንደሚችል ማሳያ ናት።

ስለዚህ ሜዲኬይድ በወሊድ ልክ የሚከፍለው እንደተጠበቀ ሆኖ፣ ግዛቱ ለማኅበረሰብ ድርጅቶች የተለየ ዓመታዊ በጀት ሊመድብ ይገባል። በጀቱ ሥልጠናን፣ የመዝገብ ክፍያን፣ በተጠባባቂነት ለሚያልፈው ጊዜ የሚሰጥ ደመወዝንና አዲሶቹን የምትመራ ልምድ ያላት አጋዥ ወጪን ይሸፍናል። ግምገማውም በቀዶ ሕክምና ምጣኔ ብቻ እንዳይታሰር የእናቶቹን ቃል፣ የጡት ማጥባት ጅማሬንና ከወሊድ በኋላ ለሚደረግ ክትትል የተመለሱትን እናቶች ቁጥር ማካተት ይኖርበታል። የመጀመሪያው በጀት ከሦስት ዓመት ባላነሰ ውል ቢሰጥ ይመረጣል፤ አንዲት አጋዥ ሠልጥና፣ በሰፈሯ ታውቃ፣ እናቶች በራሳቸው ስልክ እስኪደውሉላት ድረስ አንድ የበጀት ዓመት አይበቃም።