ልጃችን ሶሲዮሎጂ ቢማር ምን ይሠራል?

«ሐኪም ያክማል፤ መሐንዲስ ይገነባል፤ ሶሲዮሎጂ የተማረስ ምን ይሠራል?» የሚሉ ወላጆች አሉ። ጥያቄው የእንጀራ ጥያቄ ነውና ልንንቀው አይገባንም።

ሶሲዮሎጂ ሰዎች በማኅበር የሚኖሩበትን ሥርዓት የሚመረምር ትምህርት ነው። ምሳሌ እንስጥ። አንድ ቤተ ሰብ የዕድሩን መዋጮ ቢያቋርጥ፥ ጎረቤት «ቸልተኛ ነው» ይል ይሆናል። ይህን ትምህርት የተማረ ግን አስቀድሞ አይፈርድም፤ ያቋረጡት ስንት እንደ ሆኑ ይቈጥራል፤ ምክንያቱ የቤት ኪራይ፥ ሥራ ማጣት ወይም ሕመም እንደ ሆነም በየቤቱ ይጠይቃል። ጥቁር አሜሪካዊው ሊቅ ዱ ቦይስ በፊላዴልፊያ ከተማ የወገኖቹን ኑሮ እንዲሁ በየቤቱ ዞሮ አጥንቶ፥ በ1899 እንደ ኤውሮጳውያን አቈጣጠር መጽሐፍ አሳትሟል። በዚያም የቀለም ጥላቻ ከሥራ እንዴት እንዳገዳቸው በቍጥር አሳይቷል።

እንዲህ ያለ ሙያ በስታቲስቲክስ መሥሪያ ቤት፥ በከተማ አስተዳደር፥ በስደተኞች መርጃ ድርጅት፥ በሠራተኞች አስተዳደር፥ በምርምርና በመምህርነት ይፈለጋል። ሆኖም በሆስፒታል ወይም በሕፃናት ማሳደጊያ ችግረኛን በቅርብ መርዳት የሚሻ ወጣት፥ የማኅበራዊ አገልግሎትን ትምህርት ቢመርጥ ይሻለዋል፤ ሁለቱ ይቀራረባሉ እንጂ አንድ አይደሉም። በአዲስ አበባም የማኅበራዊ አገልግሎት ትምህርት ቤት በ1959 በዚያው አቈጣጠር ለብቻው ተከፍቶ ነበር።

ሥራው እንደ ሐኪም ሥራ በስሙ ብቻ የሚታወቅ አይደለምና፥ ተማሪው ከዲግሪው ጋራ የስታቲስቲክስን ስሌትና ከአገራችን ቋንቋዎች አንድ ተጨማሪ ቢያውቅ በሩ ይሰፋለታል።

ወላጆች ሆይ፥ ልጃችሁ ይህን ትምህርት ቢመርጥ፥ ከመከልከላችሁ በፊት የትኛውን ሥራ እንዳሰበ ጠይቁት።