የስልኩ ነብር

ቡለን፣ እህቴ ቤት ነኝ። የአምስት ዓመቷ ልጇ ስልኬን ወስዳ የእንስሳት ቪዲዮ ከፍታለች። ስክሪኑ ላይ ጥቁር መስመር መስመር ያለበት ብርቱካናማ አውሬ ብቅ አለ። «አጎቴ፣ ይሄ ምንድን ነው?» ስትለኝ ሳላስብ «ነብር» አልኳት።

ቡና የምትቆላው እናቴ ቀና ብላ አየችውና «ኧረ ነብር እንዲህ አይደለም! ነብር ነጠብጣብ ነው» አለች።

እናቴ ልክ ናት። ስልኩ ላይ ያለው ታይገር የእስያ እንስሳ ነው፤ በአፍሪካ ጫካ አይገኝም። የእኛ ነብር ሌላ ነው። ሁለቱንም በአንድ ስም ስለምንጠራቸው ልጅቷ የሩቅ አገር አውሬ በአገሯ አውሬ ስም ልትይዝ ነበር።

የቡለን ልጅ ስድስት ኪሎ አንበሳ ግቢ ሄዶ እንስሳ የማየት ዕድሉ ጠባብ ነው። ለእሱ አንበሳ ግቢው ስልኩ ነው። ይሄ በራሱ ክፋት የለውም፤ ልጆች መሣሪያውን ለመልመድ ጊዜ አይፈጅባቸውም። እ.ኤ.አ. በ2012 አንድ ዓለም አቀፍ ፕሮጀክት በወንጪና በወለንጪቲ ማንበብ ለማይችሉ ልጆች ታብሌት ያለ አስተማሪ ሰጥቶ ነበር። ልጆቹ ራሳቸው ከፍተው፣ በጥቂት ሳምንታት የእንግሊዝኛ ፊደል መዘመር ጀመሩ። ልብ በሉ፣ የእንግሊዝኛ!

ችግሩ ያለው ውስጡ የሚጫነው ነገር ላይ ነው። ኢኮኖሚክስ ስማር እንደገባኝ፣ ቪዲዮ ሲሠራ የመጀመሪያው ወጪ ከባድ ነው፤ አንዴ ካለቀ ግን ለሺህ ልጅ ማባዛት ምንም አያስወጣም ማለት ይቻላል። ስለዚህ ገበያው ብዙ ተመልካች ወዳለበት ቋንቋ ይሮጣል። በቦሮ ሽናሻ ወይም በጉሙዝ ቋንቋ የሚያወራ ሕፃን ለዚህ ሒሳብ በጣም ትንሽ ነው።

ግን እኛው መሥራት እንደምንችል ታይቷል። አስተማሪ የነበረችው ብሩክታዊት ጥጋቡ ከባለቤቷ ጋር የሠራችው «ፀሐይ መማር ትወዳለች» እ.ኤ.አ. በ2006 በቴሌቪዥን ጀመረ። ፀሐይ ደግሞ ቀጭኔ ናት! ስንቶቻችን ከእሷ ጋር አድገናል?

እኔ ያን ያህል አቅም የለኝም። የዚያን ቀን ማታ ግን የእውነተኛውን ነብር ፎቶ አውርጄ፣ እናቴ የት እንደሚያድር፣ ምን እንደሚበላ፣ ፍየል ጠባቂዎች እንዴት እንደሚጠነቀቁት በሽናሽኛ ስትናገር ድምጿን ቀዳሁ። ሁለቱን በስልኬ አገናኘኋቸው፤ የሁለት ደቂቃ ቪዲዮ ሆነ። ለጎረቤት በብሉቱዝ ላክነው፤ አንድ ሜጋ ባይት ዳታ አላስወጣንም። አስተማሪውም ኮምፒውተር ብቻ አልሆነም፤ አያትየዋም ገባችበት።

ልጅቷ ሦስት ጊዜ ካየችው በኋላ «አንበሳስ የት ነው ያለው?» አለች። አፌ ላይ የመጣው «ኬንያ» ነበር። ደግነቱ ቀድሜ ፈለግሁ፦ እ.ኤ.አ. በ2016 ተመራማሪዎች አልጣሽ ብሔራዊ ፓርክ ውስጥ አንበሶች መኖራቸውን በካሜራ አረጋግጠዋል። አልጣሽ ከእኛ ክልል ጋር የሚዋሰን ነው!

«እዚሁ ቅርብ ነው» አልኳት። ዓይኗ ፈጦ ወደ በሩ ዞረች፣ ከዚያ አያቷ ጉያ ገባች። እናቴ ስቃ «ነገ ስለ እሱ እነግርሻለሁ» አለቻት። እኔም ስልኬን ቻርጅ ላይ ሰካሁ።